ደበላ ያልገዛው በሬ

ደበላ ገሜዳ በሕይወቱ ተሳስቶ የማያውቅበት አንድ ነገር ቢኖር በሬ ነው። በሌላው ሁሉ ተሳስቷል፤ ሚስቱ ከበደች ዝርዝሩን በቃሏ ትይዘዋለች። በሬ ላይ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የሚስተካከለው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ ቤት ከፍቶ ሲበልት፣ የቆመ በሬ አንዴ ዞሮ አይቶ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው ይናገራል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም ከሁለት ኪሎ በላይ አይስትም። ትምህርቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በበሬ ግን ፕሮፌሰር ነው። ይህንንም አይደብቅም። እንዲያውም ሳይጠየቅ ነው የሚናገረው።

የአበላሉን ነገርማ አታንሱት። ሥጋ ሲቆርጥ አንድ ለደንበኛ፣ አንድ ለአፉ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ሌላው ሰው ተረቱን ለጨዋታ ይናገረዋል፣ ደበላ ግን መመሪያ አድርጎ ያዘው። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱን ይዘጋል፤ አፉንም አብሮ ይዘጋ ነበር ብሎ የሚምልለት ሰው ግን በሰፈሩ አይገኝም። ሲጋራውን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይለኩስ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎድን እየበለተ ሳለ ደረቱን አንድ ነገር ጨመደደው። ላብ በላብ ሆነ። ቢላዋውን አስቀመጠና «ጋዝ ነው» አለ። መቼም እኛ ሰፈር ልብ የሚባል ነገር የለም፤ ከእምብርት በላይ ያለው ሁሉ ጋዝ ነው። አምቦ ውሃ አስመጣ። አንዱን ጠርሙስ ጨረሰ፣ አገሳ፣ «ይኸው ወጣ» አለ። ሁለተኛውን ጀመረና ወደቀ።

ታናሽ ወንድሙ ቀነኒሳ በታክሲ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰው። ሐኪሞቹም ጋዝ አይደለም፣ ሃርት አታክ ነው፣ ወደ ልቡ ከሚሄዱት ደም ሥሮች አንዱ ተደፍኗል አሉ። ዐሥር ቀን አስተኝተው አዳኑት። ሲሸኙት «ሲጋራ ያቁሙ፣ መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፣ ጮማና ጨው ይቀንሱ» አሉት። ይኸው ነው። ከዚህ ያለፈ የተከለከለ ነገር አልነበረም።

ደበላ ግን የተመለሰው ወደ ሰፈሩ ወደ ኮልፌ ነው። ኮልፌ ደግሞ የሐኪም ቃል እንደ ሊጥ ነው፣ አድሮ ኩፍ ይላል።

በሽተኛ መጠየቅ ባህላችን ነው፣ እግዚአብሔር ያክብረን። ዕድርተኛው መጣ፣ ደንበኛው መጣ፣ ሥጋ በዱቤ ወስዶ የጠፋው ሳይቀር መጣ። ሁሉም እጁን ሞልቶ ገባ፦ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ለስላሳ በሳጥን። ሁሉም ደግሞ ሲወጣ አንዳንድ ክልከላ ጥሎ ሄደ። ሠላሳ እንቁላል ይዛ የመጣችው ጎረቤት «እንቁላል እንዳታበዪው፣ አስኳሉ ሄዶ ልብ ላይ ነው የሚለጠፈው» አለች። ታዲያ ለምን አመጣሽው ያላት የለም። ወተት ቅባት አለው ተባለ፣ ቀረ። ባቄላና ምስር ጋዝ ያመጣሉ፣ ጋዝ ደግሞ ልብን ይገፋል ተባለ፣ ቀሩ። ሽሮ ያለ ዘይት አይሆንም፣ ቀረ። ዓሣ በልቶ በሦስተኛው ቀን የሞተ ሰው እንደነበር የሰማ ሰው የሚያውቅ ሰው ተገኘ፣ ዓሣም ቀረ። የመጣውን እንቁላል ማን በላው? ጠያቂው ነዋ! ከበደች እየጠበሰች አቀረበችላቸው፤ እነሱም እየጎረሱ «አደራሽን፣ ለሱ እንዳትሰጪው» አሏት።

የዚህ ሁሉ የበላይ ጠባቂ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዘርዓብሩክ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ ከገዛላቸው ወዲህ ሕክምና ተምረዋል፤ ትምህርቱም የሚሰጠው በሁለት በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። እሳቸው የሰፈሩን ክልከላ ሁሉ ሰበሰቡና በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈታቸው «ለአቶ ደበላ የተከለከሉ» ብለው አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ተራ ቁጥር አለው። ከታች ፈርመውበታል። የዕድሩን ማኅተም ያላሳረፉበት ማኅተሙ በዚያን ቀን ገንዘብ ያዡ ጋ ስለነበር ነው።

የተረፈው ምን ነበር? የአጃ ሙቅ ያለ ጨው። ጥቅል ጎመን ቅቅል። ቀይ ሥር፤ ቀይ ሥር ደም ይሆናል፣ ቀለሙ ራሱ ይመሰክራል ተባለ። ከበደች ትእዛዙን ከነነጠላ ሰረዙ ፈጸመች። ዘይት በመርፌ መስጫ ስሪንጅ ነበር የምትለካው። ዐሥሩን ቀን ሐኪም ቤት ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ ያደረች ሴት ናት፤ ያንን ወለል ደግማ ማየት አትፈልግም። እናም ባሏን ከሞት ለመጠበቅ ስትል በገዛ እጇ አስራበችው። ያስራበችው ስለምትወደው ነው፤ ባትወደውማ ኖሮ ይበላ ነበር።

ደበላ ከሳ። ሰፈሩ ተደሰተ። «ሸንቀጥ አልክ! ወጣት መሰልክ እኮ!» ይሉታል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሲዋኝ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አሉት። ያን ሁሉ ዓመት ምን እንደነበረ አልነገሩትም። ከቤቱ እስከ ማዞሪያው ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረ። እሱንም «ቀስ ማለት ጥሩ ነው» ብለው አመሰገኑለት።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ደበላ ስለት ነበረበት፤ ከዚያ አልጋ ከተነሳሁ ጾሙን ሳላጓድል እጾማለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። የነፍስ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የታመመ ሰው አይጾምም፤ እኔ ፈቅጄልሃለሁ፣ ብላ» አሉት። ደበላ ተቀየመ። «ሠላሳ ዓመት ስበላ ጹም ሲሉኝ ኖሩ፤ አሁን ስጾም ብላ ይሉኛል። ከኔ ጋር ጠብ አላቸው እንዴ?» አለ ከበደችን። በነገራችን ላይ፣ ከአጃና ከጎመን ላይ ምን እንደሚጾም ለማወቅ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል።

ከዚያ በጾሙ አጋማሽ ላይ ተአምር ታየ። የደበላ እግር መወፈር ጀመረ። ቁርጭምጭሚቱ ሞላ፣ ባቱ ጠበደለ፣ ጫማው አልገባ አለ። ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ጋሽ ዘርዓብሩክ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩና «ሥጋው ተመለሰ! አላልኳችሁም? አመጋገብ ማለት ይህ ነው» አሉ። ደበላም በኩራት አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ገዛ።

ጫማውን ተጫምቶ፣ ከበደችን አስከትሎ፣ ወደ ሐኪም ቤት ቀጠሮው ሄደ። የምትከታተለው ዶክተር ኤልዳና የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ ዓይኗ ግን አይለቅም። ደም አስወሰደች፣ ሽንት አስመረመረች፣ ልቡን በማሽን አየች። ውጤቱን ይዛ ስትቀመጥ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልቡ አልነበረም።

«ጋሽ ደበላ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

ደበላ ይህንን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። አጃውን፣ ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን ዘረዘረ። የማይበላውን ዘረዘረ። ጾሙን ጨመረበት። ከበደች ስለ ስሪንጁ ተናገረች። ዶክተሯ ታሞግሰናለች ብለው ሲጠብቁ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማነው እንዲህ ያዘዘልዎት?»

«ሰፈር» አለ ደበላ።

«ይኸውልዎት» አለች ወረቀቱን ወደሱ አዙራ። «አልቡሚን የሚባለው ይህ ነው። ከምንበላው ፕሮቲን ጉበት የሚሠራው ነገር ነው፤ ውሃን ደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ቢያንስ ሦስት ተኩል መሆን ነበረበት። የእርስዎ ሁለት ነጥብ ስድስት ነው። ሄሞግሎቢንዎ ዘጠኝ ነው፣ የደም ማነስ አለብዎት። ሊምፎሳይት የሚባሉት፣ በሽታ የሚከላከሉልን የደም ሕዋሳት፣ እነሱም ወርደዋል።»

«ኮሌስትሮሌስ?»

«ኮሌስትሮልዎ በጣም ቆንጆ ነው።»

«አየሽ!» አለ ደበላ ወደ ከበደች ዞሮ።

«ጋሽ ደበላ፣ የሞተ ሰውንም ኮሌስትሮል አያስቸግረውም» አለች ዶክተር ኤልዳና። አልሳቀችም።

ከዚያ አልጋው ላይ አስወጥታ ካልሲውን ዝቅ አደረገችና ቅልጥሙን በጣቷ ተጫነች። ደበላ ጋደም ብሎ ጣራውን እያየ ስለ አጃ ጥቅም ያስረዳ ስለነበር አላያትም።

«ይህ ውሃ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«እግርዎ ላይ ያለው። አልቡሚን ሲያንስ ውሃው ከደም ሥር ይሾልክና ወደ እግር ይወርዳል። ልብዎ ቢደክምም ይህን ያህል ውሃ የሚያስቋጥር አይደለም፤ ኩላሊትዎንና ጉበትዎንም አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው። እርስዎ የራበዎት ሰው ነዎት።»

ደበላ ተነስቶ ተቀመጠ። ይህንንስ አልቻለም። «ስሚኝ ዶክተር፣ ልጄ ነሽ። ስለ ልብ ተናገሪ፣ እሰማለሁ፤ ተምረሽበታል። ስለ ሥጋ ግን ለኔ ተዪልኝ። እኔ ሥጋና ውሃ ለይቼ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ።»

ዶክተር ኤልዳና ከሱ ጋር አልተከራከረችም። ወደ ከበደች ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ይስሙኝ። አንድ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ግን ልባቸው ተመትቶ ደማቸው እንዲህ የወረደ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተመልሰው እዚሁ ይመጣሉ። ሳይመጡ የሚቀሩም አሉ፤ ድነው አይደለም። በቀን ሁለት እንቁላል ይስጧቸው። ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ዘይት በማንኪያ። ከፋሲካ ማግስት ያምጧቸው። ከዚህ ከወረደ አስተኛቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል አልገባልዎትም።»

ከበደች ቤት እንደገባች አንድ እንቁላል ቀቀለች። ልጣ፣ ሳህን ላይ አድርጋ፣ ፊቱ አኖረችለት። ጋሽ ዘርዓብሩክ የሐኪሙን ወሬ ሊሰሙ ቀድመው ቁጭ ብለዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ደበላ።

«ዶክተሯ...»

«በዐቢይ ጾም? ያውም በዚህ ልብ? ልትገድይኝ ነው?»

«ተዪው ልጄ» አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ በጣታቸው ማቀዝቀዣው ላይ ወዳለው ወረቀት እያመለከቱ፣ «ተራ ቁጥር አራት። የዛሬ ሐኪሞች በሽተኛ እንዳይጠፋባቸው ነው እንዲህ የሚሉት። እግሩን አታዪም እንዴ? ሥጋ ሞልቶታል!»

ከበደች ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ቆማ አለቀሰች፤ «ልትገድይኝ ነው» ስላላት አይደለም። ለአምስት ወር ስትገድለው የከረመችው እሷ ራሷ ሳትሆን እንደማትቀር ስለገባት ነው። እንቁላሉን ጋሽ ዘርዓብሩክም እንዳይበሉት ደበቀችው።

ሕማማት ገባ። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ዕድሩ የቅርጫ በሬ ይገዛል፤ ሃያ አራት ቤት ተካፍሎ ለፋሲካ አርዶ ይቃረጠዋል። በሬውን የሚመርጠው ደግሞ ደበላ ነው። ሳይመርጥ የቀረበት ዓመት የለም። ከበደች «በዚህ አቅምህ?» ብትለው «የምሞት ቢሆን እንኳ እነዚህ ሰዎች ያለኔ በሬ አይገዙም፣ ላም ይዘው ይመጣሉ» አለ። ጋሽ ዘርዓብሩክና ሌሎች ሁለት ዕድርተኞች ደግፈው ከብት ተራ አደረሱት።

ገና ከመግባታቸው አንድ ዳለቻ በሬ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ደረቱ ዝርግፍ ያለ፣ አገጩ ሥር የተንዘረጠጠ፣ ቆሞ ሲታይ ግርማው የሚያስፈራ። ዋጋውም ከሌሎቹ ረከስ ይላል። ጋሽ ዘርዓብሩክ ፈዘው ቀሩ። «ፍርምባውን እዩልኝ! ይሄንን ትተን ወዴት እንሄዳለን? ክፈሉ!»

ደበላ ዱላውን ለአንዱ ሰጠና በሬውን ቀስ ብሎ ዞረው። ለወራት ጎብጦ የከረመው ወገቡ ሲቃና ሁሉም አዩ። መዳፉን በሬው ጀርባ ላይ አሳረፈ፣ የጎድኑን አጥንቶች በጣቶቹ ቆጠረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፍርምባው ላይ አውራ ጣቱን ተጫነና አነሳ። ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። አገጩ ሥርም ደገመው። ያም ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

«ይህ በሬ አይገዛም» አለ።

«ጋሼ፣ ኧረ በማርያም!» አለ ነጋዴው። «ይኼን የመሰለ ሥጋ?»

«የታል ሥጋው? ጀርባውን ዳብሱት፣ አጥንት ነው። ከላይ ከስቶ ከታች የወፈረ ከብት አልወፈረም፣ አብጧል። ገለባ ብቻ እየበላ ነው የከረመው፤ የራሱን ሥጋ በልቶ ጨርሶ ውሃ ነው የሞላው። ሥጋ ሲጫኑት ይመለሳል። ውሃ አይመለስም።» ዱላውን ተቀበለ። «ደግሞ እስከ ቅዳሜ ይቆማል ብለህ አትማልልኝ።»

ነጋዴው ዓይኑን ሰበረ። ዕድርተኞቹ አጨበጨቡ ማለት ይቻላል። ደበላ ሌላ ቀይ በሬ መረጠላቸው፤ ተከራክረው ገዙ። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ዘርዓብሩክ ለወያላው፣ ለሾፌሩ፣ ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ሲያስረዱ መጡ። «ሥጋ ሲጫኑት ይመለሳል! ውሃ ግን አይመለስም! ሰምታችኋል? ዕውቀት ማለት ይህ ነው!» ይላሉ። ደበላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር። ዘነበወርቅ ሰፈር ሲደርሱ ፈገግታው ጠፍቷል።

ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ አንድ ቁጥር ከፍ ያለው ጫማም በመከራ ነው የወለቀለት። ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት ባቱ ላይ ጠልቆ ቀረ። ከበደች የደከመ እግሩን ልታጥብለት ውሃ በሳፋ አምጥታ ስታጎነብስ «ቆይ» አላት።

መጀመሪያ ክንዱን ዳበሰ። አጥንት። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጎኑን ዳበሰ፤ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ አውራ ጣቱን ቅልጥሙ ላይ ተጫነና አነሳ።

ጉድጓድ ሆነ። ደበላ ጠበቀው። እስከ ሃያ ቆጠረ። ጉድጓዱ አልሞላም።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ በሬ ያላታለለው ሰው፣ በገዛ እግሩ ተታልሎ ጫማ ገዝቷል። ደበላ ፈራ። ጥቅምት ላይ ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አልፈራም፤ ያኔ ለመፍራት ጊዜ አላገኘም። አሁን ግን ጊዜ ነበረው፣ ዓይኑም እዚያች ጉድጓድ ላይ ነበር።

«ከበደች» አለ።

«አቤት።»

«ይህን በሬ ማን ይገዛዋል?»

ከበደች ጣቱን አየች፣ ጉድጓዱን አየች። ሳፋውን ለቀቀችውና እግሩን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ደበላ ነጠላዋን እየነካካ ቆየ፤ ማባበል የሚችልበት ነገር አይደለም።

«እንቁላል አለ?» አላት በመጨረሻ።

«ዛሬ? ጸሎተ ሐሙስ እኮ ነው።»

«የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ። አንድ ጥበሺልኝ።»

ዘይቱ ሲንጫጫ፣ ሽታው ወደ ግቢ ሲወጣ፣ የአንድ ሰው ሳል ከበር ተሰማ። የበሬውን ገመድ ጠቅልለው የያዙት ጋሽ ዘርዓብሩክ ነበሩ። አፍንጫቸው ቀደማቸው፤ ማቀዝቀዣውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ጣታቸውን አነሱ።

«ተራ ቁጥር...»

«ጋሽ ዘርዓብሩክ» አለ ደበላ፣ ባዶ እግሩን ወደ እሳቸው እየዘረጋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ጫን ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ገመዱን መሬት ላይ አኖሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተጫኑ። ጣታቸውን አነሱና ጠበቁ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና እንደገና ጠበቁ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ለዚያ ሁሉ ተሳፋሪ፣ ምን ሲያስረዱ እንደመጡ ያውቃሉ። ሲቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ነው የተቀመጡት።

 

«ያቺ ልጅ... ዶክተሯ... ስንት ነበር ያለችው?» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«በቀን ሁለት» አለች ከበደች ከምድጃው ሥር።

«ታዲያ አንድ ምን ይሠራለታል?»

ከበደች ሁለተኛውን እንቁላል ሰበረች።